ሜ 262ን ያዘገየው ማን ነው? ሂትለር ወይስ ሞተሩ?

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚቀርቡ ትረካዎች ላይ አንድ አባባል ደጋግሞ ይሰማል። «ጀርመን የዓለምን የመጀመሪያ የጄት ተዋጊ ሠርታ ነበር። ሂትለር ግን ቦምብ ጣይ ካልሆነ ብሎ አበላሸው። ያ ባይሆን ጦርነቱን ታሸንፍ ነበር» ይባላል። አጭር ነው፤ ለማስታወስም ይቀላል። አዲስ ድሮን ወይም አዲስ ጄት ዜና ላይ ብቅ ባለ ቁጥርም አንድ መሣሪያ ጦርነትን ብቻውን ይቀይራል ለሚሉ ሰዎች ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ከዚህ ውስጥ ከፊሉ እውነት ነው። ሜሰርሽሚት ሜ 262 ውጊያ ላይ የዋለ የመጀመሪያው የጄት ተዋጊ ነው። ሂትለርም ያንን ትእዛዝ ሰጥቷል። አውሮፕላኑን በዋናነት ያዘገየው ግን ከክንፎቹ ሥር የተንጠለጠሉት ሁለት ሞተሮች ናቸው። ሞተሮቹን ያዘገየው ደግሞ የብረት እጥረት ነው። ይህን ለማየት ከአውሮፕላኑ የሙከራ ዘመን መነሳት ያስፈልጋል። (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ዓመታትና ወቅቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣጣው ያለው ተርባይኑ ላይ ነው

በዚያ ዘመን ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚበሩት በፕሮፔለር ነበር። ፕሮፔለር ጥሩ ነው፤ ግን ልክ አለው። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር ማለፍ ሲጀምር የፕሮፔለሩ ጫፍ የድምፅን ፍጥነት እየተጠጋ ጉልበቱ ይባክናል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሌላ ዓይነት ሞተር ያስፈልጋል።

ጄት ሞተር ከፊት አየር ይስባል። ኮምፕሬሰር የሚባለው ክፍል አየሩን ያምቀዋል። የታመቀው አየር ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል። ከዚያ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በኃይል ወደ ኋላ ሲፈተለክ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጋዙ በመንገዱ ላይ ተርባይን የሚባለውን ዙሪያውን ምላጭ የተደረደረበት ጎማ ያሽከረክራል። ተርባይኑም በዘንግ የተያያዘውን ኮምፕሬሰር ያዞራል።

ሐሳቡ ይሄው ነው። ችግሩ የተርባይኑ ምላጮች በእሳት ውስጥ ሆነው በደቂቃ ወደ 9000 ጊዜ መዞር አለባቸው። ተራ ብረት እዚያ ውስጥ ይለሰልሳል፤ ይለጠጣል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። የሚችለው እንደ ኒኬል፣ ክሮሚየምና ኮባልት ያሉ ማዕድናት የተቀላቀሉበት ብረት ነው። ጀርመን በጦርነቱ ዓመታት ክፉኛ ያጠራትም ይኸው ነው።

አውሮፕላኑ ደርሶ ሞተሩ ቀረ

ጀርመን በጄት ምርምር ቀድማ ነበር። የሄንከል ኩባንያ ሄ 178 የተባለች ትንሽ የሙከራ አውሮፕላን በኦገስት 27 ቀን 1939 በጄት ሞተር በርራለች። ጦርነቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት መሆኑ ነው። ሜሰርሽሚት ኩባንያም በዚያው ጊዜ ፒ 1065 የሚል የፕሮጀክት ስም የተሰጠውን ባለ ሁለት ሞተር ጄት እየነደፈ ነበር። በማርች 1940 የአየር ሚኒስቴሩ ሦስት ናሙናዎች እንዲሠሩ አዘዘ።

ሞተሮቹ ግን አልደረሱም። መጀመሪያ የታሰቡት የቢ ኤም ደብሊው ሞተሮች ከተጠበቀው በላይ ከባድ እየሆኑ ሄዱ። የአውሮፕላኑ ሚዛን ስለተዛባ መሐንዲሶቹ የክንፉን ውጫዊ ክፍል ወደ ኋላ ዘንበል አደረጉት። ብዙ ሰው የሜ 262ን ወደ ኋላ የሄደ ክንፍ አይቶ ከዘመኑ የቀደመ የፍጥነት ጥበብ ይመስለዋል። መነሻው ግን ይህ የክብደት ችግር ነበር።

በመጨረሻ አውሮፕላኑ በኤፕሪል 18 ቀን 1941 አውግስቡርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። አብራሪው የኩባንያው የሙከራ ፓይለት ፍሪትስ ቬንድል ነበር። አፍንጫው ላይ የተገጠመለት ግን ተራ የፒስተን ሞተር ከነፕሮፔለሩ ነው። የዓለም የመጀመሪያው የጄት ተዋጊ የመጀመሪያ በረራ ያለ ጄት ተካሄደ።

ከዓመት ገደማ በኋላ፣ በማርች 25 ቀን 1942፣ ሁለት የቢ ኤም ደብሊው ጄት ሞተሮች ተገጠሙለት። የፒስተኑ ሞተር ለጥንቃቄ ተብሎ ባለበት ቀረ። ቬንድልን ያተረፈውም ይህ ጥንቃቄ ነው። እንደተነሳ ሁለቱም ጄቶች ተራ በተራ ቆሙ። ቬንድል በፕሮፔለሩ እየጎተተ ተመልሶ አረፈ። ሲፈተሹ የኮምፕሬሰሮቹ ምላጮች ተሰባብረው ተገኙ።

ሦስተኛው ናሙና የተሳካለት በሌላ ሞተር ነው፤ የዩንከርስ ኩባንያ በሠራው ዩሞ 004። በጁላይ 18 ቀን 1942 ላይፕሃይም በተባለ ሜዳ ቬንድል በጄት ብቻ ሊነሳ ተዘጋጀ። እዚያም ያልታሰበ ነገር ገጠመው። አውሮፕላኑ ጭራው ላይ የሚያርፍ ጎማ ስለነበረው መሬት ላይ ሲሮጥ አፍንጫው ወደ ላይ ያንጋጥጣል። በፕሮፔለር አውሮፕላን ከፊት የሚመጣው ነፋስ ጭራውን ያነሳዋል። እዚህ ግን ፕሮፔለር የለም። ጭራው አልነሳ አለ፤ መሪውም አልታዘዝ አለ። መፍትሔው የሚያስፈራ ነበር፦ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ፍሬኑን ቶሎ ነካ አድርጎ መልቀቅ። ቬንድል ነካ አደረገ። ጭራው ብድግ አለ፤ አውሮፕላኑም በረረ።

በቀጣዩ ወር ከመንግሥት የሙከራ ማዕከል የመጣ ሌላ አብራሪ ይህንኑ ሲሞክር ሳይሳካለት ቀርቶ ከማኮብኮቢያው መጨረሻ አልፎ ወጣ። ናሙናውም ተጎዳ። ፕሮጀክቱ ወራት አባከነ። ወደፊት የሚሠሩት አውሮፕላኖች አፍንጫ ሥር ጎማ እንዲኖራቸው የተወሰነውም ከእንዲህ ዓይነት ሙከራዎች በኋላ ነው።

በቫዮሊን ቀስት የተመረመረ ሞተር

በሜይ 22 ቀን 1943 የተዋጊዎች ክፍል ኃላፊ ጄኔራል አዶልፍ ጋላንድ አውሮፕላኑን ራሱ አበረረው። ሲወርድ «መላእክት የሚገፉኝ ይመስል ነበር» ማለቱ ታውቋል። በሰዓት 870 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ ተዋጊ በዚያን ጊዜ ማንም አልነበረውም። ጋላንድ በብዛት ይመረት ብሎ ወተወተ፤ ተፈቀደም።

ፈቃድ ግን ሞተር አይሆንም። የዩሞ 004 መሪ መሐንዲስ አንሰልም ፍራንዝ መጀመሪያ የሠራው ናሙና ውድ ማዕድናት እንደልብ የገቡበት ነበር። ያ ሞተር ይሠራል፤ በብዛት ለማምረት የሚበቃ ማዕድን ግን አገሪቱ የላትም። ስለዚህ ፍራንዝና ባልደረቦቹ ሞተሩን በሌለ ብረት እንደገና መንደፍ ነበረባቸው። እሳት የሚነድባቸው ክፍሎች በአሉሚኒየም ከተለበጠ ተራ ብረት ተሠሩ። የተርባይን ምላጮች ውስጣቸው ባዶ ሆኖ አየር እያለፈ እንዲያቀዘቅዛቸው ተደረገ። ይህ ትልቅ የምህንድስና ሥራ ነው። የሥራው ባለቤቶችም ከአብራሪዎቹ ያነሰ ስም ማግኘታቸው ተገቢ አይመስለኝም።

በ1943 የአዲሱ ሞተር የተርባይን ምላጮች መሰበር ጀመሩ። ሙቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ሬዞናንስ የሚባል ነገር ነው። እንደ ክራር ክር ሁሉ እያንዳንዱ ምላጭ ሲነካ የሚርገበገብበት የራሱ ድምፅ አለው። ከውጭ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከዚያ ድምፅ ጋር ከገጠመ እርግብግቢቱ እየበረታ ሄዶ ብረቱን ይሰብረዋል። የሞተሩ ስድስት የማቃጠያ ክፍሎች ተርባይኑ በዞረ ቁጥር ምላጮቹን በየተራ ይገፏቸው ነበር። ያ ግፊት ከምላጮቹ ድምፅ ጋር ገጠመ።

ድምፁን ለማወቅ የተጠራው ሙዚቀኛ ነው። ባለሙያው ምላጮቹን በቫዮሊን ቀስት እየሳበ በሠለጠነ ጆሮው የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ለየ። ከዚያ በኋላ ምላጮቹ ቅርጻቸው ተስተካከለ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር አጠሩ። የሞተሩ ከፍተኛ ዙርም ከ9000 ወደ 8700 ወረደ። ችግሩ ተፈታ፤ ግን ወራት ወሰደ።

በብዛት የሚመረተው ሞተር ንድፉ ተቆርጦ ማምረት የተጀመረው በ1944 አጋማሽ ገደማ ነው። ሞተሩ ከመጠገኑ ወይም ከመለወጡ በፊት የሚሠራው ከ10 እስከ 25 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። በ1944 ጸደይ አካላቸው ያለቀ ሜ 262ዎች ሞተር እየጠበቁ ቆመው ነበር። የዘገየውን ነገር ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

የሂትለር ትእዛዝስ?

በኖቬምበር 26 ቀን 1943 ኢንስተርቡርግ በተባለ የአየር ማረፊያ ሜ 262 ለሂትለር ታየ። ሂትለር ቦምብ መሸከም ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ቪሊ ሜሰርሽሚት ይችላል አለ። ሂትለር በዚያ ሰዓት የሚያስበው በፈረንሳይ ጠረፍ ስለሚመጣው የተባባሪዎቹ (የብሪታንያ፣ የአሜሪካና የአጋሮቻቸው) ጦር ማረፍ ነው። የሚያርፈውን ወታደር የሚደበድብ፣ ተዋጊዎች የማይደርሱበት ፈጣን ቦምብ ጣይ አገኘሁ አለ። በሜይ 1944 ግን አውሮፕላኖቹ ቦምብ እንዲሸከሙ ሆነው እንዳልተሠሩ ሲነገረው ተቆጣ። ሁሉም ቦምብ ጣይ ይሁኑ ብሎ አዘዘ።

ከጦርነቱ በኋላ ጋላንድና ሌሎች የአየር ኃይል መኮንኖች ዋናው ጥፋት ይህ ነው ብለው ጽፈዋል፤ ተናግረዋልም። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ትእዛዙ በበጋው ወራት ከጥቂቶቹ አውሮፕላኖች ላይ ለቦምብ ጣይ ክፍሎች ቀንሷል። የአብራሪዎች ሥልጠናንም አዛብቷል። በመጸው ትእዛዙ እስኪላላ ድረስም የተዋጊ ክፍሎች ቁጥር አላደገም።

ሌላው ወገን ቀኖቹን ያያል። ትእዛዙ የተሰጠው በሜይ 1944 ነው። ሞተሩ በብዛት መውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያልደረሰን አውሮፕላን በትእዛዝ ማዘግየት አይቻልም። መዘግየት የሚባል ነገር ቢኖር የሳምንታት ወይም የጥቂት ወራት ነው። በተጨማሪም ጥፋቱ ሁሉ በሞተ አምባገነን ላይ ሲጫን ሌሎች ነጻ ይወጣሉ። የአየር ሚኒስቴሩ ፕሮጀክቱን ለዓመታት በዝቅተኛ ደረጃ ይዞታል። ሜሰርሽሚት ራሱም ባልተሳኩ ሌሎች ንድፎች ተወጥሮ ነበር።

ሁለተኛው ወገን የሚያመዝን ይመስለኛል። የሂትለር ትእዛዝ ጎድቷል፤ ዋናው ምክንያት ግን አይደለም።

ሙከራ ወደ ጦር ሜዳ ሲወጣ

አንድ አውሮፕላን በሦስት እጆች ይፈተናል። መጀመሪያ የፋብሪካው አብራሪዎች መብረሩን ያያሉ። ቀጥሎ የመንግሥት ማዕከል፣ በጀርመን ሬህሊን የነበረው፣ የተባለውን ማድረጉን ይለካል። ሦስተኛው የጦር ሜዳ ሙከራ ነው። ለዚህ ጀርመኖች ኤርፕሮቡንግስኮማንዶ የሚሉት የሙከራ ክፍል ያቋቁማሉ። ሥራው አውሮፕላኑን ተራ ወታደር ሊያበርረውና ሊጠግነው መቻሉን ማየት፣ የውጊያ ስልቱን መፈለግ፣ ጉድለቱን ለፋብሪካው መመለስ ነው።

ኤርፕሮቡንግስኮማንዶ 262 በዲሴምበር 1943 በባቫሪያ ሌችፌልድ በሻምበል ቬርነር ቲየርፌልደር አዛዥነት ተቋቋመ። አውሮፕላን በእጁ የገባው ግን በ1944 ጸደይ ነው። አብራሪዎቹ ቶሎ የተማሩት ነገር ነዳጅ መስጫውን በዝግታ መግፋት ነው። የቸኮለ ሰው ሞተሩ ወይ ከልክ በላይ ይግልበታል፤ ወይ ይጠፋበታል። በፕሮፔለር አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ያልጣመው አብራሪ ጉልበት ጨምሮ እንደገና ይነሳል። በሜ 262 ይህ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ፍጥነቱ ከቀነሰ በኋላ መልሶ ለመሰብሰብ ጊዜ ይወስዳል። ይህ ድክመት ኋላ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ቲየርፌልደር ራሱ በጁላይ 18 ቀን 1944 በሜ 262 ሞተ።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ በጁላይ 26፣ የክፍሉ አብራሪ አልፍሬድ ሽራይበር ፎቶ ለማንሳት ወደ ሙኒክ አካባቢ የመጣ የብሪታንያ ሞስኪቶ አውሮፕላን አገኘ። ሞስኪቶ እስከዚያ ቀን ድረስ በፍጥነቱ የሚመካ፣ የጀርመን ተዋጊ እንደልቡ የማይደርስበት አውሮፕላን ነበር። ሽራይበር ደረሰበት፤ ደጋግሞም ተኮሰ። ብሪታኒያዊው አብራሪ ማምለጥ የቻለው በፍጥነት ሳይሆን በመጠምዘዝ ነው። ጄቱ ፈጣን ስለሆነ ሲዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ሞስኪቶው ከሥሩ እየታጠፈ አመለጠውና ደመና ውስጥ ገባ። ከዚያም በኢጣሊያ ፌርሞ ላይ አረፈ። ጀርመኖች ግን ሽራይበር ጥሎታል ብለው ድል አስመዘገቡለት።

ይህች አንድ ፍልሚያ ስለ ጦር ሜዳ ሙከራ ሁለት ነገር ታሳያለች። አውሮፕላኑ ከተባለለት ፍጥነት አልጎደለም። የጠላት ኪሳራ ሪፖርት ግን ከሁለቱም ወገን ካልታየ አይታመንም። በማግሥቱ፣ በጁላይ 27፣ የብሪታንያ ግሎስተር ሜቴዎር ጄቶችም ጀርመን ወደ እንግሊዝ የምትተኩሳቸውን በራሪ ቦምቦች ለማደን ተሰማሩ። ጀርመን በጄት ብቻዋን ነበረች የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ኖቮትኒና የአሕመር ማኮብኮቢያ

በሴፕቴምበር 1944 መጨረሻ የመጀመሪያው የጄት ተዋጊ ክፍል በሻለቃ ቫልተር ኖቮትኒ ስም ተቋቋመ። ኖቮትኒ ገና 23 ዓመቱ ነው፤ 258 አውሮፕላን ጥሏል ተብሎ የተመዘገበለት ዝነኛ ተዋጊ ነበር። ክፍሉ በኦስናብሩክ አቅራቢያ አሕመርና ሄዘፔ ላይ ሰፈረ። ስሙ የውጊያ ክፍል ነው። ሥራው ግን አሁንም ሙከራ ነበር፤ አብዛኞቹ አብራሪዎች በጄት ላይ ያላቸው ሥልጠና ጥቂት ሰዓት ነው።

የአሜሪካ አብራሪዎች ድክመቱን ቶሎ አገኙት። ጄቱን በአየር ላይ ማሳደድ ከንቱ ነው፤ ሲነሳና ሲያርፍ መጠበቅ ግን ይቻላል። በኦክቶበር 7 ቀን 1944 ኧርባን ድሩ የተባለ ሙስታንግ የሚሉት የአሜሪካ ፕሮፔለር ተዋጊ አብራሪ አሕመር ላይ ሊነሱ የሚንደረደሩ ሁለት ሜ 262ዎችን ከላይ አየ። ወርዶ ሁለቱንም በተከታታይ መታቸው። ጀርመኖች ከዚያ በኋላ ማረፊያዎቻቸውን የሚጠብቁ የፕሮፔለር ተዋጊዎች መድበው ጄቶቹ ሲነሱና ሲወርዱ አጀቧቸው። ፈጣኑ አውሮፕላን ቀርፋፋው ካልጠበቀው መነሳት አቃተው።

መሣሪያውም እንደዚሁ ነው። አራት ባለ 30 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሩት። ጥቂት ጥይት ከባድ ቦምብ ጣይ ይጥላል። ግን ጥይቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ጄቱ ደግሞ በጣም ይፈጥናል። አብራሪው አነጣጥሮ ለመተኮስ የሚያገኘው ጊዜ የሰከንዶች ብቻ ነው። በዚህ ላይ የጥይት ማቀባበያው አልፎ አልፎ ይነክሳል።

በኖቬምበር 8 ጋላንድ ለጉብኝት አሕመር ነበር። ኖቮትኒ ራሱ ተነስቶ ተዋጋ። ሞተሩ ችግር እንደገጠመው በሬዲዮ ተናገረ፤ ከዚያ አውሮፕላኑ ከደመና ወጥቶ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ክፍሉ ከግንባር ተነስቶ ወደ ሌችፌልድ ተመለሰ። ከጠላት ጥይት ሌላ ብዙ አውሮፕላን የበላው የሞተር ብልሽት፣ የማረፍ አደጋና የሥልጠና ማነስ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በሬህሊንና በሌችፌልድ ማለቅ የነበረበት ሙከራ በአሕመር በሰው ሕይወት ተካሄደ።

ማን ሠራው?

ስለ ሜ 262 በሚተረከው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። ፋብሪካዎቹ በ1943 እና በ1944 ሲደበደቡ ምርቱ ወደ ጫካና ወደ ዋሻ ተዛወረ። በኦስትሪያ የማውትሃውዘን ማጎሪያ ቅርንጫፍ የሆነው የጉዘን እስረኞች ዋሻ ቆፍረው የአውሮፕላኑን አካል ሠርተዋል። በቱሪንጊያ ካህላ ላይ ከተያዙ አገሮች በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች ተራራ ሰርስረው ፋብሪካ እንዲያደርጉ ተደርገዋል። በእነዚህ ሥራዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ፣ በድካምና በጭካኔ አልቀዋል። አብራሪዎችን የሚያደንቅ ትረካ እነዚህን ሰዎች ካላነሳ ጎዶሎ ነው። የአውሮፕላኖቹ የአሠራር ጉድለት በከፊል የመጣውም ከዚህ ነው፤ የተራበና የሚደበደብ ሰው ጥራት እንዲጠብቅ አይጠበቅም።

ቢፈጥን ኖሮስ?

ጀርመን ከ1400 በላይ ሜ 262 ሠርታለች። ውጊያ ላይ የዋሉት ግን ጥቂት መቶዎች ናቸው። የቀሩት በባቡር ጣቢያ፣ በፋብሪካ ግቢና በጫካ ሥር ተደበደቡ፤ ወይም አብራሪና መለዋወጫ እየጠበቁ ቆሙ። ከሜይ 1944 ጀምሮ የተባባሪዎቹ ቦምብ ጣዮች የነዳጅ ፋብሪካዎችን ሲመቱ የሥልጠና በረራም አብሮ ተመናመነ። አዲስ አብራሪ የሚሠለጥነው በነዳጅ ነው።

አውሮፕላኑ የሚችለውን ያሳየበት ቀን አለ። በማርች 18 ቀን 1945 ወደ በርሊን የሚሄዱ ከ1200 በላይ ቦምብ ጣዮችን 37 ሜ 262ዎች ገጠሙ። በብዛት በሚጠቀሰው አሃዝ 12 ቦምብ ጣዮችና አንድ ተዋጊ ጥለው ሦስት ጄት አጡ። ለ37 አውሮፕላን ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ከመጡት ቦምብ ጣዮች አንጻር ሲታይ ግን ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ የቀሩት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሜ 262 በብዛት ስድስት ወር ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ የአሜሪካ የቀን ድብደባ ከባድ ዋጋ ያስከፍል ነበር የሚሉ ሰዎች አሳማኝ ነጥብ አላቸው። የምሥራቁን ግንባር፣ የነዳጁን እጥረትና የተባባሪዎቹን የምርት ብዛት ግን ምንም ጄት አይለውጠውም ነበር። በዚያ ላይ ስድስት ወር ለመቅደም የግድ ቀድሞ መድረስ የነበረበት ሞተሩ ነው። የሞተሩ መልስ ደግሞ በማንም ትእዛዝ ሳይሆን በማዕድን መጋዘን ውስጥ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየት ኅብረት ዩሞ 004ን አር ዲ 10 በሚል ስም እየሠራች ያክ 15 በተባለው ጄቷ ላይ ገጠመችው። ቼኮዝሎቫኪያ በግዛቷ የቀሩትን የሜ 262 አካላት ሰብስባ ኤስ 92 የሚባሉ ጥቂት አውሮፕላኖችን ሠራች። አንሰልም ፍራንዝ ወደ አሜሪካ ሄደ። እዚያ የጠየቀው ብረት ሁሉ ይቀርብለት ነበር። የላይካሚንግ ኩባንያ ውስጥ የነደፈው ቲ 53 ሞተር ሂዩ በሚባለው ሄሊኮፕተር ላይ ተገጥሞ ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል።